የአባት ዙፋን፣ የእናት ሐረግ፦ የአዝቴክ ንጉሣውያን ሴቶች ድርሻ ምን ነበር?

ሜክሲኮ 2025ን «የነባር ሕዝቦች ሴት ዓመት» ብላ ሰይማ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የአዝቴኮች መናገሻ ቴኖችቲትላን የተቆረቆረችበት 700ኛ ዓመት በሜክሲኮ ሲቲ ዋና አደባባይ ተከበረ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ ጥንታዊት ሜክሲኮ ሴቶች የተዘጋጀ ሰፊ ዐውደ ርእይ ማድሪድ ውስጥ ተከፈተ። የስፔን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆሴ ማኑኤል አልባሬስ በዚሁ አጋጣሚ በነባር ሕዝቦች ላይ ሥቃይና በደል መድረሱን፣ ይህንንም አምኖ መቀበልና ማዘን ተገቢ መሆኑን ተናገሩ። የሜክሲኮ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ ሲያነሣው ለቆየው የይቅርታ ጥያቄ ይህ ቀላል የማይባል ምላሽ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የአዝቴክ ነገሥታት ሚስቶች፣ እናቶችና ሴት ልጆች ጉዳይ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። ወሬው ግን ወደ ሁለት ጽንፍ ያዘነበለ ነው። አንዱ ወገን እነዚህን ሴቶች ለሰላም ሲባል ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው የሚላኩ እጅ መንሻዎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሌላው ደግሞ ስማቸው ሆን ተብሎ የተሰረዘ፣ በእውነት አገር የገዙ ንግሥታት እንደነበሩ ይናገራል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ማስረጃ አለ፤ ማስረጃው የተጻፈው መቼ፣ በማን ትእዛዝና ለምን ጉዳይ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነሣም። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዙፋኑ ላይ የሚቀመጠው ወንድ ነበር። ከብዙ ወንድማማቾች መካከል የትኛው ሊቀመጥ እንደሚችል የሚወስነው ግን በአብዛኛው የእናት ዘር ነው። ስለዚህ አሠራር የምናውቀውም ከስፔን ወረራ በኋላ ስለ አንዲት ልዕልት ርስት በተነሣ ክርክር ከተዘጋጁ ሰነዶች ጋር የተጠላለፈ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ማን ነው የምንነጋገረው?

«አዝቴክ» የሚለው ስም በኋለኛው ዘመን የተለመደ የወል መጠሪያ ነው። የቴኖችቲትላን ሰዎች ራሳቸውን ሜሺካ ይሉ ነበር፤ የዛሬዋ አገር ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። ሜሺካዎች ናዋትል የሚባለውን ቋንቋ ከሚናገሩት የሜክሲኮ ሸለቆ ሕዝቦች አንዱ ናቸው። በሸለቆው ውስጥ በርካታ ትንንሽ መንግሥታት ነበሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቤተ መቅደስ፣ የራሱ ገበያና የራሱ ንጉሥ ነበረው። ንጉሡ ትላቶአኒ ይባላል፣ «ተናጋሪ» እንደማለት ነው። በ1428 ቴኖችቲትላን፣ ቴክስኮኮና ትላኮፓን ተባብረው የዘመኑን ኃያል መንግሥት አስካፖትሳልኮን ድል አደረጉ። ታሪክ «የሦስትዮሽ ኅብረት» የሚለው፣ እኛ «የአዝቴክ ግዛት» የምንለው ይህን ጥምረት ነው።

ማኅበረሰቡ በመኳንንትና በተራው ሕዝብ የተከፈለ ሲሆን መኳንንትነት የሚወረሰው በትውልድ ነው። ዘር የሚቆጠረው በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ አልነበረም። ሰው ሐረጉን በሁለቱም ወገን ይቆጥራል፣ ከሁለቱም ወገን ይወርሳል። ይህ ደግሞ በቤተ መንግሥት ብቻ የተወሰነ አሠራር አልነበረም። ከወረራው በኋላ በናዋትል ቋንቋ የተጻፉ የተራ ሰዎች ኑዛዜዎች ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው። በእነዚህ ኑዛዜዎች ሴቶች ቤትና መሬት በራሳቸው ስም ይዘው ለልጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው ሲያካፍሉ እናያለን። የንጉሣውያኑን ጉዳይ ከዚህ ሰፊ ልማድ ነጥሎ ማየት ነው ብዙውን ስሕተት የሚያመጣው።

የስደተኞቹ ችግርና የኩልዋካን ሴት

ሜሺካዎች ወደ ሸለቆው ዘግይተው የገቡ ስደተኞች ነበሩ። መሬቱ በሌሎች ተይዟል። ከመሬት ማጣቱ ይበልጥ የከፋባቸው ግን ዘር ማጣታቸው ነው። በዚያ አካባቢ ንጉሥ ለመባል ከቶልቴኮች፣ ማለትም ቱላ በምትባለው ከተማ ከገነነው የቀደመ ሥልጣኔ፣ መወለድ ያስፈልጋል። ይህ ሐረግ አለን ከሚሉት ዋነኞቹ በሐይቁ ደቡብ የሚገኙት የኩልዋካን ነገሥታት ነበሩ።

የሜሺካዎች የራሳቸው ትውፊት ስለ መጀመሪያው ግንኙነት የሚናገረው አሰቃቂ ነገር ነው። በኩልዋካን ጥገኝነት ሥር ሳሉ የንጉሡን ልጅ ለክብር እንድትሰጣቸው ለመኑ፤ ተሰጠቻቸው። እነሱ ግን ለአማልክት ሠዉአት፤ ቆዳዋን ገፈው ለካህን አለበሱት፤ አባቷንም ወደ በዓሉ ጠሩት። ንጉሡ በዕጣን ጢስ መካከል የልጁን ቆዳ የለበሰውን ሰው ባየ ጊዜ ጦሩን አስነሣ፤ ሜሺካዎቹም ተባርረው ወደ ሐይቁ ረግረግ ሸሹ። በዚያ በ1325 ቴኖችቲትላንን ቆረቆሩ ይባላል። ታሪኩ በትክክል ተፈጽሟል ወይስ ከጊዜ በኋላ የተቀናበረ ነው የሚለው ያከራክራል። ተራኪዎቹ ግን የከተማቸውን መወለድ ከአንዲት የኩልዋካን ልዕልት ጋር ማያያዛቸው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ከሁለት ትውልድ ያህል በኋላ፣ በ1370ዎቹ፣ ሜሺካዎች የመጀመሪያ ንጉሣቸውን አነገሡ። ስሙ አካማፒችትሊ ነው። አባቱ የሜሺካ ባላባት፣ እናቱ የኩልዋካን ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። በአባቱ ከሕዝቡ ይወለዳል፣ በእናቱ ደግሞ ለንግሥና የሚያበቃውን የቶልቴክ ደም ያገኛል። ያነገሡትም ለዚሁ ነው።

ከአካማፒችትሊ ጎን ኢላንኩዌይትል የምትባል የኩልዋካን ሴት ትቆማለች። ምንጮቹ ስለ እርሷ አይስማሙም። አንዳንዱ ሚስቱ ነበረች፣ ነገር ግን መካን ነበረች ይላል። ሌላው ያሳደገችው እናቱ ናት ይላል። ሚስትም እናትም እስክትመስል ድረስ ስሟ በየቦታው ይለዋወጣል። ይህን መዘባረቅ የጸሐፊዎች ግድየለሽነት ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ለተራኪዎቹ ዋናው ጉዳይ ሴቲቱ በትክክል ምኑ እንደነበረች ሳይሆን፣ ንግሥናው በእርሷ በኩል መምጣቱ ነበር።

ልጅን መዳር፣ ግብርን ማስቀነስ

ሁለተኛው ንጉሥ ዊትሲሊዊትል ሲነግሥ ሜሺካዎች ለአስካፖትሳልኮ ከባድ ግብር ይከፍሉ ነበር። የአስካፖትሳልኮ ንጉሥ ቴሶሶሞክ ልጁን ለዊትሲሊዊትል ዳረለት። ከዚህ ጋብቻ ቺማልፖፖካ ተወለደ፤ አያትየውም በልጅ ልጁ ደስ ብሎት ግብሩን ወደ ምልክትነት አወረደው። የስፔን ዘመን ዜና መዋዕሎች የቀረውን ሲዘረዝሩ ጥቂት ዳክዬ፣ ዓሣና እንቁራሪት ብቻ ይሉናል። አንዲት ሙሽራ ገብታ አንድ ልጅ መውለዷ ለአንድ ከተማ ሕዝብ የሥራውን ሸክም አቀለለለት።

ዊትሲሊዊትል በዚህ አላበቃም። ከደቡቡ ቆላ፣ ከዛሬዋ ኩዌርናቫካ ገዥ ልጅም ሚስት አገባ። ያ አገር ጥጥ አብቃይ ነው፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ጥጥ አይበቅልም። ከዚህች ሴት የተወለደው ልጅ በ1440 የነገሠው ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ነው።

ከእነዚህ ጋብቻዎች ውስጥ የሚወጣ አንድ ደንብ አለ፤ ተመራማሪዎች የጋብቻዎቹን መረብ ሲዘረጉ ደጋግመው ያገኙት ነው። የበላይ ንጉሥ ልጁን ለበታች ንጉሥ ሲድር፣ ሙሽራዋ በባሏ ቤት የመጀመሪያዋ ሚስት ትሆናለች፤ የእርሷም ልጅ አባቱን ይወርሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ትውልድ የበታችዋ ከተማ የሚገዛት የበላዩ ንጉሥ የልጅ ልጅ ነው። ጦር ሳይዘምት፣ አገረ ገዥ ሳይሾም፣ ከተማዋ በዝምድና ትታሰራለች። የበታች ንጉሥ ልጁን ለበላዩ ሲሰጥ ግን ልጅቱ ከብዙዎቹ ሚስቶች አንዷ ሆና ትቀራለች፤ ልጆቿም ባላባት ይሆናሉ እንጂ ዙፋን አያገኙም።

ስለዚህ አንዲት ልዕልት ስታገባ «ተሰጠች» ብቻ ብሎ መጻፍ አሠራሩን ይሸፍነዋል። ከላይ ወደ ታች የምትሄደዋ ሙሽራ የአባቷን ሥልጣን ይዛ ነው የምትሄደው። በዚያ ቤት እርሷን መናቅ አባቷን መናቅ ነው፤ ቆይተን እንደምናየው ጦርነትም ያስነሣል።

ደንቡ ግን የማይጣስ አልነበረም። አስካፖትሳልኮን የጣለው አራተኛው ንጉሥ ኢትስኮአትል እናቱ የንጉሥ ልጅ አልነበረችም። ምንጮቹ ባሪያ ወይም ተራ ሴት ነበረች ይላሉ። በሰላሙ ጊዜ ሊነግሥ የማይችል ሰው የነገሠው የቀድሞው ንጉሥ ተገድሎ፣ ከተማዋም የጦር መሪ በፈለገችበት በ1427 ገደማ ነው። ይኸው ንጉሥ ድል ካደረገ በኋላ የቆዩትን የታሪክ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ማዘዙ ተጽፏል። ለምን እንዳቃጠላቸው ብዙ ተብሏል፤ በእናቱ በኩል የሐረግ ጉድለት ያለበት ንጉሥ የሐረግ መዝገቦችን የማይወድ ቢሆን የሚገርም አይደለም።

ሚስት ብዙ፣ ወራሽ አንድ

የአዝቴክ ነገሥታት በርካታ ሚስቶችና ቁባቶች ነበሯቸው። ኔሳዋልኮዮትልና ኔሳዋልፒሊ የተባሉት የቴክስኮኮ ነገሥታት እያንዳንዳቸው ከመቶ በላይ ልጆች እንደነበሯቸው የቅኝ ዘመን ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ቁጥሩ ቢጋነንም ችግሩ ግልጽ ነው፤ ወንድ ልጅ የሞላበት ቤት ወራሽ አላጣም፣ ያጣው ወራሹን መለያ ነው። መለያው የእናት ማዕረግ ሆነ።

በቴክስኮኮ ዙፋኑ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ወራሹም ከቴኖችቲትላን ከመጣችው ንጉሣዊት ሚስት የሚወለደው ነው። በቴኖችቲትላን ደግሞ የመኳንንት ሸንጎ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ብቁ የሆነውን ይመርጣል፤ ወንድም ወንድሙን፣ የወንድም ልጅ አጎቱን ሊተካ ይችላል። ምርጫ ስላለ የእናት ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለምርጫ የሚቀርቡት እነማን እንደሆኑ የሚጣራው በትውልድ ነው።

ትላቴሎልኮ የቴኖችቲትላን የቅርብ ጎረቤት ነበረች፤ በዚያው ደሴት ላይ የምትገኝ፣ በታላቅ ገበያዋ የታወቀች ከተማ። ንጉሧ ሞኪዊሽ የቴኖችቲትላኑን ንጉሥ የአሻያካትልን እኅት ቻልቺውኔኔትልን አግብቷል። የናዋትል ዜና መዋዕሎች ስለ ኑሮዋ የሚሉት በዝርዝር ነው። ባሏ ይጠላትና ይደበድባት ነበር፤ ከወፍጮ ድንጋዮች አጠገብ ጥግ ላይ ትተኛ ነበር፤ ወንድሟ የሚልክላትን ልብስ ቀምቶ ለቁባቶቹ ይሰጥ ነበር። እርሷም ለወንድሟ ላከች፤ ባሏ ለጦርነት እየተዘጋጀ መሆኑንም ነገረችው ይባላል። በ1473 አሻያካትል ትላቴሎልኮን ወጋ፤ ሞኪዊሽ ሞተ፤ የከተማዋም የራሷ ንግሥና ቀረ።

ጦርነቱ ስለ አንዲት ሚስት ነበር ማለት የዋህነት ነው። ገበያው፣ ነጋዴዎቹ፣ የሁለት ከተሞች ፉክክር ከሥር አሉ። ጸሐፊዎቹ ግን ምክንያት ሲያቀርቡ የልዕልቲቱን መኝታና ልብስ ነው የቆጠሩት፤ አንባቢያቸውም ይህ በቂ ምክንያት መሆኑን ያውቃል። በዚያ ቤት ውስጥ ከእርሷ ሊወለድ የሚገባው ልጅ የቴኖችቲትላን ደም ያለው የትላቴሎልኮ ወራሽ ነበር። ሞኪዊሽ ከእርሷ ሲርቅ ያንን ወራሽ እምቢ ማለቱ ነው።

የቴክስኮኮው ጉዳይ ደግሞ ውጤቱ ከዚህም የከበደ ነው። ኔሳዋልፒሊ በ1515 ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ። ቴኖችቲትላን ላይ የነገሠው ዳግማዊ ሞክቴዙማ ካካማን ደገፈ፤ ካካማ የእኅቱ ልጅ ነው። ሌላው ወንድም ኢሽትሊልሾችትል ይህን የቴኖችቲትላን ጣልቃ ገብነት አልቀበልም ብሎ ሸፈተ፤ የቴክስኮኮ ግዛትም ተከፈለ። የስፔን ወራሪዎች መሪ ኮርቴስ ከአራት ዓመት በኋላ ሲደርስ ይህ ቁስል ገና አልዳነም ነበር። ኢሽትሊልሾችትል ከስፔኖች ጎን ተሰለፈ፤ በ1521 ቴኖችቲትላንን የከበቡት መርከቦችም ወደ ሐይቁ የወረዱት ከቴክስኮኮ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ግዛቱን ያስተሳሰረው የጋብቻ መረብ፣ በክፉ ቀን የሚሰነጠቅበት ቦታም እሱው ሆነ።

አቶቶስትሊ ነግሣለች?

በክርክሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው ስም የአቶቶስትሊ ነው። የቀዳማዊ ሞክቴዙማ ልጅ ናት። የኢትስኮአትልን ልጅ ቴሶሶሞክን (ከአስካፖትሳልኮው ሌላ ሰው ነው) አገባች። ሦስት ልጆቿ ተራ በተራ ነገሡ፦ አሻያካትል በ1469፣ ቲሶክ በ1481፣ አዊትሶትል በ1486። አባታቸው አንድም ቀን አልነገሠም። ሦስቱም በአባታቸው የኢትስኮአትል፣ በእናታቸው የቀዳማዊ ሞክቴዙማ የልጅ ልጆች ናቸው። ሁለት ተፎካካሪ ሊሆኑ የሚችሉ የንጉሥ ቤቶች በእርሷ ማሕፀን ተገናኙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ወረራው ድረስ ዙፋኑ ከዚህ ቤተሰብ አልወጣም።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ራሷስ ነግሣለች ወይ የሚለው ላይ ነው። ጥቂት የቅኝ ዘመን ሰነዶች ከአባቷ ቀጥሎ እርሷ ገዛች የሚል ይዘት አላቸው። የታወቁት የነገሥታት ዝርዝሮች ግን ከቀዳማዊ ሞክቴዙማ ቀጥታ ወደ አሻያካትል ይሄዳሉ፤ ስሟ የለበትም።

«ነግሣለች» የሚሉት ወገኖች ዝርዝሮቹን የጻፉት ወንዶች እንደሆኑ፣ ለስፔን አንባቢ የሚያስቸግር ነገር ሊያወጡ እንደሚችሉ ያስታውሳሉ። በአካባቢው ሴት መንገሧ እንግዳ እንዳልነበረም ያመለክታሉ፤ ይህም እውነት ነው። ቺማልፓይን የተባለው ናዋዊ (ናዋትል ተናጋሪ) የታሪክ ጸሐፊ በትውልድ አገሩ በቻልኮ የገዙ ሴቶችን ይጠቅሳል። በደቡብ በኩል ባሉት ሚሽቴኮች ዘንድ ሴት በራሷ መብት መግዛቷ የተለመደ ነበር። ከማያዎች መካከል በፓሌንኬ ከተማ ሴት ነግሣለች።

በሌላ በኩል የቆሙት ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣሉ። «ገዝታለች» ከሚሉት ሰነዶች ሁለቱ የተጻፉት በ1532 ገደማ ነው። ያስጻፋቸው ሁዋን ካኖ የሚባል ስፔናዊ ሲሆን፣ የጻፉለት የፍራንቸስካውያን መነኮሳት ናቸው። ካኖ የዳግማዊ ሞክቴዙማን ልጅ ያገባ ሰው ነው፤ የሚስቱን ውርስ ከስፔን ዘውድ ለማግኘት እየተሟገተ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሙግት «በዚህ አገር ሴት ልጅ አባቷን ወርሳ ታውቃለች» ከሚል ቀዳሚ ታሪክ የበለጠ ምን ይጠቅማል? ሰነዱ የተጻፈው ለዳኛ ነው።

ሦስተኛ እይታም አለ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የቀረበ ነው። በዚህ እይታ መሠረት በሥርወ መንግሥቱ ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ንግሥናን የምታስተላልፍ ሴት መቆሟ የተራኪዎቹ አቀማመጥ ነው። በመጀመሪያ የኩልዋካን ሴት፣ በመካከል አቶቶስትሊ፣ በመጨረሻ የዳግማዊ ሞክቴዙማ ልጅ። ታሪኩ ከወረራው በኋላ በዚህ ቅርጽ ተሰፍቷል፣ ስለዚህ እንደ ዘመን መዝገብ ብቻ ሊነበብ አይገባም የሚል ነው።

እኔ በበኩሌ አቶቶስትሊ ዙፋን ላይ መቀመጧን የሚያረጋግጥ በቂ ነገር አላየሁም። ነገር ግን ካኖ ሰነዱን ሲያስጽፍ ከምንም ፈጠረው ማለትም አያስኬድም። የሐሰት ክርክር እንኳ ሰሚ የሚያገኘው ሰዎች በሚያውቁት ልማድ ላይ ሲቆም ነው። ንግሥና በሴት በኩል ይተላለፋል የሚለው ሐሳብ በአካማፒችትሊ ጊዜም፣ በቺማልፖፖካ ጊዜም፣ በካካማ ጊዜም ይሠራ ነበር። ካኖ ያደረገው ከ«በሴት በኩል» ወደ «በሴት» አንድ እርምጃ መግፋት ነው።

ቴኩዊችፖች ኢሳቤል ስትሆን

የካኖ ሚስት ቴኩዊችፖች ትባል ነበር። በ1509 ወይም 1510 ገደማ ተወለደች። አባቷ በ1520 ሲሞት ገና የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ናት። በአባቷ ቦታ የነገሠው ኩዊትላዋክ አገባት፤ እርሱም በዚያው ዓመት በፈንጣጣ ሞተ። ቀጥሎ የነገሠው ኩዋውቴሞክም አገባት። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ነገሥታት አንዲትን ሕፃን የፈለጉበት ምክንያት ከላይ የተናገርነው አሠራር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሁለቱም የሞክቴዙማ ልጆች አልነበሩም፤ ወደ ሞክቴዙማ ሐረግ የሚያቀርባቸው እርሷ ነበረች።

ኦገስት 13 ቀን 1521 ከተማዋ ወደቀች፤ ኩዋውቴሞክ ተማረከ። በ1525 ኮርቴስ ወደ ሆንዱራስ ሲዘምት ይዞት ሄዶ በመንገድ ሰቀለው። ቴኩዊችፖች በክርስትና ኢሳቤል ተብላለች። በ1526 ኮርቴስ አሎንሶ ዴ ግራዶ ለተባለ ጓዱ ዳራት፤ የታኩባን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮችም ሰጣት። ታኩባ የጥንቷ ትላኮፓን ናት፣ ከሦስቱ የኅብረቱ ከተሞች አንዷ። የስጦታው ዓይነት ኤንኮሚየንዳ ይባላል፤ መሬቱ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ከሚኖሩት ሰዎች ግብርና ጉልበት የመቀበል መብት ነው፤ በእኛ አገር ጉልት ይባል ከነበረው ጋር ይቀራረባል። አብዛኛው ኤንኮሚየንዳ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ወደ ዘውዱ የሚመለስ ሲሆን የእርሷ ግን ለዘለዓለም እንዲሆን ተሰጠ።

ኮርቴስ ይህን ያደረገው ከርኅራኄ ብቻ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። የስፔን የመግዛት መብት የቆመው ሞክቴዙማ ሕጋዊ ጌታ ሆኖ ሳለ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለስፔን ንጉሥ ለካርሎስ አምስተኛ አስረክቧል በሚል ትረካ ላይ ነው። ይህ ትረካ እንዲቆም ሞክቴዙማ ሕጋዊ ንጉሥ መሆን አለበት፤ የሕጋዊ ንጉሥ ልጅ ደግሞ መከበር አለባት። ኢሳቤልን ባለ ጉልት ማድረግ የወረራው ሕጋዊነት ማስረጃ ነበር።

ግራዶ በ1527 ሞተ። ኮርቴስ መበለቲቱን ወደ ቤቱ አስገባት፤ ከእርሱም ሊዮኖር የምትባል ልጅ ወለደች። ነፍሰ ጡር ሳለች ለፔድሮ ጋዬጎ ተዳረች፤ እርሱም ጥቂት ቆይቶ ሞተ። በ1532 ካኖን አገባች፤ ከእርሱ አምስት ልጆች ወለደች። ኮርቴስ ቤት የነበራትን ቆይታ ፍቅር አድርጎ የሚተርክ ሥነ ጽሑፍ ሞልቷል። ያለ አባት፣ ያለ ባልና ያለ ወገን በድል አድራጊው እጅ የነበረች ሴት ፈቃዷ ምን ያህል ይጠየቅ እንደነበር ግን ማንም ሊገምተው ይችላል፤ ይህን በፍቅር ስም መሸፈን ለእርሷ ግፍ ነው።

እዚህ ላይ የሕጉ መለወጥ ያመጣውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓት ሞክቴዙማ ብዙ ሚስቶች ነበሩት፤ ከመካከላቸው የላቀችዋ እናት ልጅ ይቀድማል እንጂ የሌሎቹ ልጆች ዲቃላ አይባሉም። የስፔን ሕግ የሚያውቀው ግን አንድ ሕጋዊ ሚስት ብቻ ነው። ስለዚህ በካኖ ወገን ክርክሩ «የኢሳቤል እናት ብቻ ናት በሥርዓት የተጋባችው» የሚል ሆነ። ናዋዎች ሲጋቡ የሙሽራውን ኩታ ከሙሽራዋ ልብስ ጋር መቋጠር ልማዳቸው ነበር፤ በ1540ዎቹ በተሣለው ኮዴክስ ሜንዶዛ በተባለው ሥዕላዊ መጽሐፍ ላይ ሙሽሮቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ልብሳቸው ተቋጥሮ ይታያል። ያ ቋጠሮ አሁን በስፔን ችሎት የሕጋዊ ጋብቻ ማስረጃ ሆነ። ከሌላ እናት የተወለደው ወንድሟ ፔድሮ ሞክቴዙማ ደግሞ እናቱ የቱላ ባላባት ዘር ስለሆነች በዚያ በኩል ተሟገተ። የጥንቱን የእናቶች ማዕረግ ወደ አዲሱ የሕጋዊና የዲቃላ ልጅ መለኪያ መተርጎም የሁለቱም ወገን ጠበቆች ሥራ ሆነ።

ኢሳቤል ራሷ ምን ታስብ እንደነበር የሚያሳይ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የሚናገሩላት ባሎቿ ናቸው። በ1550 የተናዘዘችው ኑዛዜ ግን አለ፤ በዚያ ውስጥ ያሏትን ነባር ሕዝብ ባሪያዎች ነጻ እንዲወጡ አዝዛለች። ከሞተች በኋላ ልጆቿና ባሏ በታኩባ ጉዳይ ለዓመታት ተካሰሱ። ሁለቱ ሴት ልጆቿ በሜክሲኮ ከተማ ገዳም ገብተው መነኰሱ፤ ወንዶቹ ርስቱን ተካፈሉ።

ሐረጉ ወዴት ሄደ?

የፔድሮ ሞክቴዙማ ዘሮች ወደ ስፔን ተሻግረው በ1627 የሞክቴዙማ ኮንት የሚል ማዕረግ አገኙ፤ በ1865 ማዕረጉ ወደ ዱክነት ከፍ አለ፤ ዛሬም በስፔን መኳንንት መዝገብ ውስጥ አለ። ከኢሳቤል ልጆች የወረደው ሐረግ በሜክሲኮም በስፔንም ተሠራጨ፤ ካሴሬስ በምትባለው የስፔን ከተማ የሞክቴዙማን ስም የያዘ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ዘውዱ በወሰደው ርስት ምትክ ለዘሮቹ ይከፍለው የነበረውን ጡረታ፣ ነጻ የወጣችው ሜክሲኮም ወርሳ ስትከፍል ቆይታ ያቆመችው በ1934 ነው። በ2019፣ ኮርቴስና ሞክቴዙማ የተገናኙበት 500ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ከሁለቱ ሰዎች እንወለዳለን የሚሉ ግለሰቦች በሜክሲኮ ሲቲ ተቃቅፈው ታይተዋል።

ለአሁኑ ፖለቲካ የሚያስቸግረው ይኸው ነው። የሜክሲኮ መንግሥት ቴኩዊችፖችን የተበደሉ ነባር ሴቶች ምሳሌ አድርጎ ሊያነሣት ይችላል፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ወረራው ከእልቂት ይልቅ መቀላቀል ነበር የሚሉ ስፔናውያን ደግሞ ያችኑ ሴት፣ ጉልቷንና የዱክ ማዕረግ የያዙ ዘመዶቿን ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ጉልቷና በጉልቱ ላይ ስለሚገብሩት የታኩባ ገበሬዎች ዝም ይላሉ፤ ሁለተኞቹ ጉልቱን ያገኘችበትን ዋጋ ይዘላሉ። የነባር ሕዝቦች በደል በንጉሣውያን ሐረግ በኩል ብቻ ከተተረከ፣ ካሳና ይቅርታ የሚመለከታቸው እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ወደ ጥቂት የታወቁ ቤተሰቦች ይጠብባል። ዛሬ ናዋትል የሚናገሩት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች አብዛኞቹ ሐረጋቸውን ከየትኛውም ትላቶአኒ አይቆጥሩም። እነርሱ የሚያነሡት ጥያቄ የመሬት፣ የውሃና በቋንቋቸው የመማር ጥያቄ ነው።